እሜቴ ልጇን የተሸከመች ሰሞን

ስሂን የዶልፊን ጠባቂዎቹን ማኅበር የተቀላቀለችው ዶልፊን ወዳ አይደለም። እንዳልካቸውን ልታጠፋ ነው።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ በምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ያሉት ባልደረቦቿ፣ "ዛሬም ያን ሁሉ መንገድ ልትነጂ ነው? ዓሣ ለማየት?" እያሉ ሲያሾፉባት አብራቸው ትስቅ ነበር። እናቷ ወይዘሮ እታለማሁም ቢሆኑ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምትውል ሲጠየቁ፣ "ወንድሟን የበላውን ውሃ ልታይ ትሄዳለች፤ ልቧ አልቆርጥ ብሎ ነው" ነበር የሚሉት። እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ከታዴዎስ ጋር ይኖሩበት የነበረውን አፓርታማ ልቀቁ ቢባሉ እምቢ ብለው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

ታዴዎስ የስሂን ታናሽ ነው። በአዘቦት ቀን መሀል ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ ቅዳሜ ሲሆን በእንዳልካቸው ጀልባ ላይ ማይክ ይዞ ይቆማል። እንዳልካቸው ሐበሻውን ከሲልቨር ስፕሪንግና ከላንግሊ ፓርክ በአውቶቡስ እየሰበሰበ፣ የፖቶማክ ወንዝ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር ወደሚገናኝበት ወርዶ፣ ሙቀቱ ሲገባ ከውቅያኖስ የሚመጡትን ዶልፊኖች ያሳያል። ልደት ያለው፣ የተመረቀ፣ ከአገር ቤት እንግዳ የመጣበት ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ታዴዎስ ደግሞ ከጀልባው አፍንጫ ቆሞ፣ "ዶልፊን ዓሣ አይደለም ወገኖቼ! እንደኛው ጡት ጠብቶ ነው የሚያድገው" እያለ ሰውን ያስቅ ነበር።

ባለፈው ሰመር አንድ ቅዳሜ ከዚያው ከቆመበት ወደቀ። እንዳልካቸው ለፖሊስም ለለቅሶ ቤቱም የተናገረው አንድ ነው፤ "ጠጥቶ ነበር። ተቀመጥ ብዬው እምቢ አለኝ።" አስከሬኑ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ስለተገኘ ሐኪሞቹ መጠጥ ነበረ፣ አልነበረም ብለው መለየት አልቻሉም። ፖሊስም አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ለቅሶው በተቀመጠበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዳልካቸው ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ፣ ጎኑ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ "ወንድሜ መጠጡን ቢተወው ኖሮ..." ሲል ስሂን በጆሮዋ ሰምታለች። ወሬው ከአዳራሹ ወጥቶ ሐበሻው የሚሰበሰብበት ዩ ስትሪት ለመድረስ አልዘገየም። ወይዘሮ እታለማሁ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተዉት፤ የጽዋ ማኅበራቸውን ሴቶች ስልክ ማንሳትም አቆሙ። ወንድ ልጅ አልቀበሩም፤ ሰካራም ቀበሩ ተባለ።

ወሩ ሲገፋ ሳምሪ የምትባል የሠፈር ልጅ ስሂንን በመኪናዋ ውስጥ አስቀምጣ በሩን ቆልፋ ነገረቻት። ሳምሪ ያን ቀን ጀልባው ላይ ነበረች።

"አልጠጣም። ውሃ ነው በእጁ የያዘው" አለቻት። "ዶልፊኖቹ ብቅ ሲሉ እንዳልካቸው ሞተሩን ጋዝ ሰጠው። ታዴ ዞሮ 'ግልገል ይዘዋል፣ ቀስ በል!' ብሎ ጮኸ። እሱ እቴ! 'ቪዲዮ የምታነሱ ወደ ግራ!' ብሎ መሪውን ጠመዘዘው። ሁላችንም ስልካችንን ነው የምናየው። ዞር ስል ታዴ የለም።"

"ይህን ለፖሊስ ትናገሪልኛለሽ?"

ሳምሪ ማልቀስ ጀመረች። ባሏ የእንዳልካቸው የአክስት ልጅ ነው። "ትዳሬን አታፍርሺብኝ፣ በእመቤቴ" አለች።

ስሂን አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ ፍም ነበር። ጠዋት ስትነሳ ይነሳል፤ ማታ ስትተኛ አይተኛም። እንዳልካቸው በአዲሱ ጀልባው ላይ ቆሞ ሲስቅ የሚያሳይ ማስታወቂያ በስልኳ በመጣ ቁጥር ፍሙ ይገለጣል።

ማኅበሩን የተቀላቀለችው በበረዶው ማብቂያ ነው። የማኅበሩ ሥራ ቀላል ይመስላል። በወንዙ አፍ፣ በባሕረ ሰላጤውና ከዚያም ወዲያ በውቅያኖሱ ዳር ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ያየ ሰው በስልኩ ፎቶና ቦታ ይልካል። ከማኅበሩ አንዱ ያንን አይቶ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጦ፣ ለሁሉም በሚታየው ካርታ ላይ ያወጣዋል። ሰው ግንድን ዶልፊን፣ ማዕበልን ዓሣ ነባሪ ብሎ ይልካልና ዓይን ይጠይቃል። ስሂን ዓይን ነበራት። የጀርባ ክንፋቸውን ጫፍ፣ የተቀደደውን፣ የተቆረሰውን እያየች አንዱን ከአንዱ ለየች። የማኅበሩ ኃላፊ ሊንዳ፣ ፀሐይ ያከሰላት አሮጊት፣ "አንቺስ ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ" ብላ የማረጋገጡን ሥራ ሰጠቻት።

አዲስ ለታወቀች ዶልፊን ስም ማውጣትም የጠባቂዎቹ ፋንታ ነው። ክንፏ ከጫፉ ጎመድ ያለ፣ ስትዋኝ የማትቸኩል፣ ሌሎቹ መንገድ የሚለቁላት አንዲት ትልቅ ዶልፊን ነበረች። ስሂን "እሜቴ" አለቻት። ሊንዳ ቃሉን እንደ ምንም ብላ ለመደችው። ሰመሩ ሲገባ እሜቴ ወለደች። ግልገሉ እናቱ ሆድ ውስጥ ታጥፎ የነበረበት መስመር ገና ቆዳው ላይ ይታይ ነበር። ሊንዳ ጉንጯን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ስሂንም ደስ አላት፤ ራሷን ገርሟት ደስ አላት።

ማኅበሩ የማያወላዳ ሕግ ነበረው። ግልገል የያዘች እናት ያለችበት ቦታ ከዚያ ለቅቃ እስክትሄድ ድረስ ካርታ ላይ አይወጣም። ካርታውን የሚያየው ጠባቂ ብቻ አይደለማ። እንዳልካቸውም ያያል። ዶልፊን ፍለጋ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው አልነበረም፤ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ ካርታው ወደሚያሳየው ነው የሚነዳው።

ስሂን የባሕር እንስሳት ሕግ አስከባሪዎች ዘንድ ደጋግማ ደውላ ነበር። ዶልፊን ማሳደድ ወንጀል ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ሳያሳድድ የዋለበት ቅዳሜ የለም። የተመደበው መኮንን ሰምቷት፣ "በዓይናችን ማየት አለብን። መቼና የት እንደሚመጣ ብናውቅ ኖሮ..." አላት።

"አሳውቃችኋለሁ" አለችው።

ያን ቅዳሜ ማለዳ እሜቴ ከነግልገሏ ውሃው ወደ መሬት የገባበት አንድ ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ ገብታ ነበር። ውሃው እዚያ ጸጥ ያለ ነው፤ እናቶች ግልገል ማጥባት ሲፈልጉ ይመርጡታል። ስሂን ከዳርቻው የእንጨት መድረክ ላይ ሆና በርቀት መነጽር ታያቸዋለች። ግልገሉ ትንፋሽ ሊስብ ሲወጣ ጭንቅላቱ ቀድሞ፣ እንደ ቡሽ ብድግ ይላል፤ እናቱ ከታች ታቅፈዋለች። መኮንኑ ጀልባውን ከዛፎቹ ወዲያ አቁሞ ይጠብቃል።

ስሂን ስልኳን አወጣች። ጣቷ ትንሽ ቆየ። የወንድሟ ድምፅ፣ "ግልገል ይዘዋል፣ ቀስ በል" ያለው፣ በጆሮዋ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ፣ መጣባት። "ለአንተ ነው" አለች ለራሷ። ቦታውን ካርታው ላይ አወጣችው።

እንዳልካቸው መጣ። ከሩቅ ዘፈኑ ተሰማ፤ ከዚያ ሞተሩ። ሰዉ በሙሉ በአንድ ወገን ቆሞ ስልኩን ዘርግቷል። ወደ ወሽመጡ ሲገባ ፍጥነቱን አልቀነሰም። እሜቴ ግልገሏን ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረገችው፤ እንዳልካቸው እየዞረ ተከተላቸው። ስሂን ጥርሷን ነክሳ ትቆጥረዋለች፤ አንድ ዙር፣ ደግሞ ሌላ። "ጨምር" ትላለች በሹክሹክታ። "ጨምር፣ አንተ የውሻ ልጅ፣ ይዩህ።"

የመኮንኑ ጀልባ ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ከዛፎቹ ጀርባ ወጣ።

ስሂን ያላሰበችው ይህን ነው። እንዳልካቸው መብራቱን ሲያይ በመቆም ፈንታ ደነገጠ፤ መሪውን ወደ መውጫው ጠምዝዞ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። በእሱና በመውጫው መካከል እሜቴና ግልገሏ ነበሩ። እሜቴ ጠለቀች። ግልገሉ መጥለቅ ገና አልተማረም።

ከጀልባው ላይ የሴት ጩኸት ተሰማ። ውሃው ቀላ።

እንዳልካቸውን እዚያው ያዙት። ጀልባው ተወሰደ፣ ላይሰንሱ ታገደ፣ ፍርድ ቤት ቅረብ ተባለ። እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ከጀልባው ሲወርድ ስሂን ከመድረኩ ላይ ቁማ አየችው። ስትመኘው የኖረችው ይህን ነበር፤ እንዳሰበችውም ጣፈጣት። ግን ጣዕሙ ከአፏ ሳይጠፋ ዓይኗ ወደ ውሃው ሄደ። እሜቴ ተመልሳ መጥታ ነበር። ግልገሏን በአፍንጫዋ ከሥር አንስታ ወደ ላይ ገፋችው፤ እንዲተነፍስ። ተንሸራቶ ወደቀ። ደግማ አነሳችው።

ሰኞ ክሊኒክ ውስጥ የስልኳ ማሳወቂያ ይጮህ ጀመር። ሰው ሁሉ ያየውን እየላከ ነው። "አንዲት ዶልፊን አንድ ነገር ትገፋለች፤ መረብ ይሆን?" የሚል አለ። "ልጇ የሞተ ይመስለኛል፣ እባካችሁ እርዷት" የሚል አለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ "ጠዋትም አየኋት፣ አሁንም እዚያው ናት፤ አልበላችም" ብሎ ጽፏል። እያንዳንዱን ከፍታ፣ የክንፉን ጫፍ አይታ፣ እሷ መሆኗን ማረጋገጥ የስሂን ሥራ ነው። እሜቴ ናት። እሜቴ ናት። ይህኛውም እሜቴ ናት። በታካሚዎች መሀል ሽንት ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

ሊንዳ ደወለች። "ስሂን፣ ቦታውን ካርታው ላይ ማን አወጣው?"

"እኔ።"

"በስህተት?"

ስሂን ልትዋሽ ትችል ነበር። "አይደለም" አለች።

ሊንዳ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ እኛ ዘንድ አትምጪ" ብላ ዘጋችው። ማታውኑ ስሂን ካርታውን እንደ ማንም ሰው ከመመልከት በቀር ምንም ማድረግ እንዳትችል ሆነች።

ረቡዕ ምሽት ሽማግሌዎች ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወይዘሮ እታለማሁ ቤት መጡ። መሪያቸው አቶ ሳህሉ ናቸው፤ በሠፈሩ ተጣልቶ እሳቸው ዘንድ ያልደረሰ የለም። እንዳልካቸው ከኋላቸው ገባ። ፂሙን አልተላጨም። ወይዘሮ እታለማሁ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል እግራቸውን ሰበሰቡበት።

"እታለማሁ፣" አሉ አቶ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "የመጣነው ለሞተው አይደለም፤ ለቆሙት ነው። ይህ ሰው ቤቱ ሊፈርስ ነው። ጠበቃው እንደሚለው መኮንኑ ያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ሁሉን ከመጀመሪያው ያየችው ስሂን ቀርባ ካልመሰከረች ክሱ ይላላል። ወንድ ልጅ ደጃችሁ ላይ ወድቋል።"

"አባቴ፣ እናንተን አከብራለሁ" አለች ስሂን። "ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይመልስልኝ። ወንድሜ ጠጥቶ ነበር ወይስ አልጠጣም?"

እንዳልካቸው ምንጣፉን አየ።

"መልስላት እንጂ" አሉ አቶ ሳህሉ።

"አልጠጣም።"

"አልሰማሁህም" አለች ስሂን።

"አልጠጣም! ቀስ በል አለኝ፤ አልሰማሁትም። መውደቁንም ወዲያው አላየሁም። ሰው 'ታዴ የታል?' ሲል ነው የዞርኩት። ፈራሁ። እናንተ ብትሆኑስ? ልጆች አሉኝ።"

የወይዘሮ እታለማሁ እጅ የወንበሩን ክንድ ጨበጠው። ይህን ቃል ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ ነበር።

"ይህችን እሑድ፣" አለች ስሂን፣ "ያን ጊዜ በዋሸህበት አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ትናገራታለህ። ምስክርነቱን ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።"

"እናገራለሁ" አለ እንዳልካቸው። ቀና ሲል ዓይኑ ተለውጦ ነበር። "እኔ እናገራለሁ። አንቺስ? እናትሽ ያውቃሉ? ጠበቃዬ አጣርቶታል፤ ከነልጇ መሆኗን እያወቅሽ ካርታው ላይ ያወጣሻት አንቺ ነሽ። መንጠቆው ለእኔ ነበር፤ ግልገሉን ግን መንጠቆው ላይ የሰካሽው አንቺ ነሽ።"

አቶ ሳህሉ ምኑም አልገባቸውም። ወይዘሮ እታለማሁ ግን ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንዳልካቸው ማይክራፎኑን ይዞ ቆመ። "ታዴዎስ ጠጥቶ አልነበረም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። በእኔ ጥፋት ነው የሞተው" አለ። ጉምጉምታው ከፊት ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። ወሬውን ከማንም በላይ ያዞረችው ዓባይነሽ፣ ከጽዋ ማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ እየሮጠች መጥታ የወይዘሮ እታለማሁን ትከሻ ሳመች። ሌሎቹም ተከተሉ። ወይዘሮ እታለማሁ በነጠላቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ ከልጃቸው ቀብር ወዲህ ስሂን እንዲህ ቆመው አላየቻቸውም።

ስሂን ከግድግዳው ተደግፋ ያን ሁሉ ጠጣችው። እንዳልካቸው ከመድረኩ ሲወርድ ሰው እየሸሸ መንገድ ሲለቅለት፣ ትናንት ትከሻውን ይመቱት የነበሩ ወንዶች ፊታቸውን ሲያዞሩበት፣ አንዲቷም አላመለጠቻትም። እሱ ራሱ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

"ተናገርኩ። ቃልሽን ጠብቂ እንግዲህ።"

"አስብበታለሁ ነበር ያልኩህ" አለችው። "አሰብኩበት። እመሰክራለሁ።"

ፊቱ አመድ ሲመስል አይታ ወጣች።

መኪናው ውስጥ እናቷ ቀበቷቸውን አስረው፣ ስሂን ወደ ቤት መንገድ ልትታጠፍ ስትል፣ "ቤት አትውሰጂኝ" አሏት።

"የት ልውሰድሽ እማዬ?"

"እሷ ዘንድ።"

"ማን ዘንድ?"

"ልጇን የተሸከመችው ዘንድ።"

ስሂን ስልኳን ከፍታ ካርታውን አየች። ሌላ ሰው ያረጋገጠው፣ የዚያኑ ጠዋት የታየ፣ ከወሽመጡ ብዙም ሳይርቅ። ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ ነፋስም የለም። ወይዘሮ እታለማሁ በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው የእንጨት መድረኩን ቀስ እያሉ ሄዱበት። ብዙ አልጠበቁም።

ጎመድ ያለው ክንፍ ብቅ አለ። ከፊቱ የገረጣ፣ ቆዳው መላላጥ የጀመረ ትንሽ ገላ። እሜቴ ገፋችው፤ ሰጠመ፤ ጠልቃ አወጣችው። ከስታ ነበር።

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

"እስኪበቃት ድረስ እማዬ። አፍንጫዋ ላይ እስኪፈርስ የምትይዝም አለች ይላሉ።"

ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "እኔን ሬሳውን እንኳ አላሳያችሁኝም" አሉ። "አትዪው፣ ውሃ አበላሽቶታል ብላችሁ ሣጥኑን ዘግታችሁ ሰጣችሁኝ። እሷ ትሻላለች። አቅፋዋለች።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ለሰው እንደሚሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ውሃው፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉ።

ስሂን እንባዋ መጣ። "እማዬ፣ ለእሱ ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ አትበዪ።" አልጮሁም። "የልጄ ስም ሲነጻ በሆዴ እልል ብያለሁ፤ እግዜር ያየኛል፣ አልዋሽም። የዚያ ሰው ፊት ሲከስልም ደስ ብሎኛል። ግን ይህችን አላዘዝኩሽም። ለታዴዎስም አትበዪ። እሱ ለነዚህ ሲጮህ ነው የሞተው።"

"ደግመሽ ታደርጊው ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂኛ!" አለች ስሂን፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ጠይቂኝ!"

"አልጠይቅሽም። መልስሽን ፈርቼ ነው።"

እሜቴ ከግልገሏ ጋር ወደ ሰፊው ውሃ ቀስ እያለች ራቀች። ወይዘሮ እታለማሁ ክንፏ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ቆሙ። ከዚያ የልጃቸውን ክንድ ሳይይዙ፣ ብቻቸውን፣ ወደ መኪናው ተመለሱ። ስሂን ቀድማ የፊቱን በር ከፈተችላቸው። እሳቸው የኋላውን ከፍተው ገቡ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ስሂን የተከፈተውን በር ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ዘጋችው፤ ዞራም መሪውን ያዘች።